ለሠራተኛ ስለሚሰጥ የጨረራ መጠን ሪፖርት (ክፍል 19)፦ ለኤንአርሲ አስተያየት ስንጽፍ ምን ብንል ይሰማል?

ፔት_ሲቲ_ዲኤምቪ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ቤት ኒውክሌር ሜዲስን፣ ካት ላብና ራዲዮፋርማሲ ውስጥ የምትሠሩ፣ የጨረራ ደህንነት ኃላፊ የሆናችሁም እንዳላችሁ ስለማውቅ ነው ወደ እናንተ የመጣሁት።

የአሜሪካ ኑክሌር ተቆጣጣሪ ኮሚሽን (ኤንአርሲ) 10 ሲኤፍአር ክፍል 19 የሚባል ደንብ አለው። ለሠራተኛ ምን ማስታወቂያ እንደሚለጠፍ፣ ምን ሥልጠና እንደሚሰጥ፣ የወሰደው የጨረራ መጠን እንዴት እንደሚነገረው የሚወስነው ይህ ደንብ ነው። በዚህ ደንብ ምክንያት የሚሰበሰበውና የሚላከው መረጃ ፈቃዱ ሲታደስ በፌደራል ሬጅስተር (የመንግሥቱ ይፋዊ ጋዜጣ) የሕዝብ አስተያየት ይጠየቃል። በሥራው ላይ ያለን ሰዎች ግን አስተያየት ስንሰጥ አይታይም፤ የሚጽፉት በአብዛኛው ድርጅቶችና የሙያ ማኅበራት ናቸው። በዚህች በዋሽንግተን አካባቢ በሆስፒታል ጨረራ አጠገብ የሚውለው የኛ ሰው ግን ጥቂት አይደለም።

ግልጽ እንዲሆንልኝ የምፈልገው እነዚህን ነው፦

1. የእድሳት ማስታወቂያው ደንቡን ለመቀየር ዕድል ይሰጣል ወይስ ሌላ ነገር ነው?
2. አንዳንድ ባልደረቦች በየዓመቱ የዶዝ (የወሰዱት የጨረራ መጠን) ወረቀት ይደርሳቸዋል፣ አንዳንዶች በጭራሽ አይደርሳቸውም። ደንቡ በትክክል የሚለው ምንድን ነው?
3. ሁለት ቦታ የሚሠራ ሰው፣ ለምሳሌ አንዱ ዲሲ አንዱ ሜሪላንድ ቢሆን፣ የሚመለከተው የማን ደንብ ነው?
4. አስተያየት ስንሰጥ ስማችን ይወጣል?

---

ጋማ_ቆጣሪ

ከ2ኛው ጥያቄ ልጀምር፤ ደንቡ አሁን የሚሰጠውን ሳያውቁ ይጨመርልን ማለት ስለማይቻል።

ክፍል 19ን ሲያነቡ ሦስት ቁጥሮች ላይ ቆም ይበሉ፤ 19.11፣ 19.12 እና 19.13።

19.11 ስለ መለጠፍ ነው። ቅጽ 3 የተባለው የሠራተኞች ማስታወቂያ ሠራተኛ ወደ ሥራ ቦታው ሲገባና ሲወጣ በሚያየው ቦታ መለጠፍ አለበት። ከእሱ ሌላ ክፍል 19 እና ክፍል 20 (የጨረራ መጠን ገደቡን የሚወስነው ደንብ)፣ የተቋሙ ፈቃድና የአሠራር መመሪያዎቹ ይለጠፋሉ፤ ለመለጠፍ ካልተመቹ ደግሞ የት ሄዶ ማንበብ እንደሚቻል የሚናገር ወረቀት ይለጠፋል። ብዙ ሰው የማያውቀው የጥሰት ማስታወቂያን ነው። ኤንአርሲ ከሠራተኞች የጨረራ ሁኔታ ጋር የተያያዘ ጥሰት አግኝቶ ለተቋሙ ከጻፈ፣ ደብዳቤው በደረሰ በ2 የሥራ ቀናት ውስጥ መለጠፍ አለበት። የተቋሙ መልስም ከተላከ በ2 የሥራ ቀናት ውስጥ ይለጠፋል። ቢያንስ ለ5 የሥራ ቀናት ወይም ጥፋቱ እስኪታረም ድረስ፣ ከሁለቱ የሚረዝመው ጊዜ እስኪያልፍ መነሳት የለበትም።

19.12 ሥልጠና ነው። በዓመት ከ100 ሚሊሬም (የጨረራ መጠን መለኪያ ነው፤ 1 ሚሊሲቨርት) በላይ ሊወስድ ይችላል ተብሎ የሚገመት ሠራተኛ ሁሉ ሊሠለጥን ይገባዋል። ከሥልጠናው ይዘት አንዱ በ19.13 መሠረት ሪፖርት መጠየቅ እንደሚችል መንገር ነው። በተግባር በየዓመቱ በኮምፒውተር በሚሰጠው ትምህርት ውስጥ አንድ መስመር ሆኖ ያልፋል፤ ሰው ጠቅ አድርጎ ይሄዳል።

የጥያቄዎ ልብ ያለው 19.13 ላይ ነው። እስከ 2007 ድረስ በደንቡ መሠረት ክትትል የሚደረግለት ሠራተኛ ሁሉ ዓመታዊ ሪፖርት ይደርሰው ነበር። በዚያ ዓመት በወጣው ማሻሻያ ሪፖርቱ ሳይጠየቅ የሚላከው መጠኑ ከ100 ሚሊሬም ለበለጠ ሠራተኛ ብቻ ሆነ፤ በጠቅላላ ሰውነት ወይም በአንድ የአካል ክፍል ማለት ነው። ከዚያ በታች የሆነ ሰው ከፈለገ ራሱ መጠየቅ አለበት። የአንዱ ባልደረባ ወረቀት ደርሶ የሌላው የማይደርስበት ምክንያት ይኸው ነው፤ ተቋሙ የግድ አጥፍቶ አይደለም።

ከዚህ በታች ግን ሌላ ነገር አለ፣ አስተያየት ሊጻፍበት የሚገባውም እሱ ይመስለኛል። 19.13 "ክትትል የሚደረግለት" ሲል በ20.1502 መሠረት ማለቱ ነው። በ20.1502 ለአዋቂ ሠራተኛ ባጅ (ልብስ ላይ ወይም ጣት ላይ የሚደረግ የጨረራ መለኪያ) ግዴታ የሚሆነው ከዓመታዊው ገደብ 10 በመቶ ሊያልፍ ይችላል ተብሎ ሲገመት ነው። ገደቡ 5 ሬም (5,000 ሚሊሬም ወይም 50 ሚሊሲቨርት) ስለሆነ 10 በመቶው 500 ሚሊሬም ይሆናል። ለእጅ ጣት ገደቡ 50 ሬም ነውና 10 በመቶው 5 ሬም። እንግዲህ በ100 እና በ500 ሚሊሬም መካከል ያለውን ሠራተኛ ተመልከቱት። ሥልጠናው ግዴታ ነው፣ ሪፖርት መጠየቅ እንደሚችል ይነገረዋል፤ ባጁ ግን በደንቡ ግዴታ ላይሆን ይችላል። ሆስፒታሉ በራሱ ጥንቃቄ ባጅ ቢሰጠው እንኳ የደንቡ ቃል በቀጥታ አይሸፍነውም። አብዛኛው የሆስፒታል ሠራተኛ የሚገኘው ደግሞ ከ500 በታች ነው። ቅን የሆነ ተቋም ሲጠየቅ ይሰጣል፣ ብዙዎቹም ይሰጣሉ። መብት ግን በቅንነት ላይ መቆም የለበትም።

እርጉዝ ሠራተኞችን በተመለከተ አንድ ልጨምር። እርግዝናን ለተቋሙ በጽሑፍ ማሳወቅ በፈቃደኝነት ነው፤ የተገመተው የፅንሰት ቀን ይጻፍበታል። ያ ወረቀት ከገባ በኋላ ለፅንሱ ገደቡ በመላው የእርግዝና ጊዜ 500 ሚሊሬም ነው፣ ክትትል ግዴታ የሚሆንበት ወለልም ከ500 ወደ 100 ሚሊሬም ይወርዳል። በቃል ለአለቃ መንገር ይህን አያስከትልም።

---

ደንብ_አንባቢ

ጋማ_ቆጣሪ ይዘቱን አስቀምጦታል፣ እኔ ወደ ሂደቱ ልግባ።

በፌደራል ሬጅስተር "አስተያየት ስጡ" የሚሉ ሁለት የማይመሳሰሉ ማስታወቂያዎች ይወጣሉ። አንደኛው ረቂቅ ደንብ ነው፤ የደንቡን ቃል ለመቀየር የሚወጣ፣ ጽሑፉ ከነማብራሪያው የሚቀርብ። ሁለተኛው የመረጃ መሰብሰብ ፈቃድ እድሳት ነው። የፌደራል መሥሪያ ቤት ከሕዝብ ወይም ከድርጅት መረጃ እንዲያዝና እንዲላክ ሲያስገድድ በወረቀት ሥራ ቅነሳ ሕግ መሠረት የዋይት ሀውስ የበጀት ቢሮ ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ ፈቃዱም ከ3 ዓመት በላይ አይሰጥም። ስለዚህ ክፍል 19 ምንም ሳይቀየር በየጊዜው ለአስተያየት ይቀርባል። እርስዎ ያዩት ይህኛው ነው።

እድሳቱ ሁለት ዙር አለው። መጀመሪያ ኤንአርሲ ለ60 ቀናት አስተያየት ይቀበላል። ቀጥሎ ሰነዱ ወደ በጀት ቢሮው ሲላክ ሌላ የ30 ቀናት ማስታወቂያ ይወጣል፣ የዚያኛው አስተያየት ለበጀት ቢሮው ነው የሚገባው። የመጀመሪያው ዙር ይሻላል፤ ሰነዱን የሚያዘጋጁት ሰዎች ገና እጃቸው ላይ እያለ ስለሚያነቡት።

በእድሳት ላይ የሚጠየቁት አራት ነገሮች ናቸው። መረጃው ለመሥሪያ ቤቱ ሥራ ያስፈልጋል ወይ፣ ተግባራዊ ጥቅምስ አለው? የሰዓት ሸክሙ ግምት ትክክል ነው? የመረጃው ጥራት፣ ጥቅምና ግልጽነት እንዴት ይሻሻላል? ሸክሙ፣ በኮምፒውተር በመጠቀምም ጭምር፣ እንዴት ይቀንሳል? አስተያየቱ ከእነዚህ በአንዱ ሥር ካልገባ "ከዚህ ጉዳይ ውጭ ነው" የሚል አንድ መስመር መልስ ያገኛል። ብዙ ጥሩ ሐሳብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። "ጨረራ አደገኛ ነው፣ ሠራተኛ ይጠበቅ" የሚል ደብዳቤ እውነት ቢሆንም ከአራቱ ለየትኛውም መልስ አይሆንም።

ማስታወቂያው ውስጥ ደጋፊ ሰነድ ይጠቀሳል። ያንን ማውረድ ግድ ነው። ለእያንዳንዱ የደንቡ ቁጥር ስንት ባለፈቃድ እንደሚመለከተው፣ በዓመት ስንት ሪፖርት እንደሚወጣ፣ አንዱ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ የሚያሳይ ሠንጠረዥ አለው። አስተያየት ኃይል የሚያገኘው ያንን ሠንጠረዥ ይዞ ሲናገር ነው። ለምሳሌ በጥያቄ ለሚሰጥ ሪፖርት የተገመተው ቁጥር ትንሽ ከሆነ፣ "ትንሽ የሆነው ሠራተኛ ስለማይፈልግ ሳይሆን መብቱን ስለማያውቅ ሊሆን ይችላል፤ በ19.12 ሥልጠና ላይ በግልጽ ይነገር" ማለት በቀጥታ ሦስተኛውን ጥያቄ ይመልሳል።

የደንቡ ቃል ራሱ እንዲቀየር ከፈለጋችሁ፣ ለምሳሌ ጋማ_ቆጣሪ ያነሳው የ100 እና የ500 ክፍተት እንዲዘጋ፣ እድሳቱ መንገዱ አይደለም። ሁለት በር አለ። ረቂቅ ደንብ ሲወጣ በዚያ ዶኬት (የጉዳዩ መዝገብ) መጻፍ፣ አለዚያ በ10 ሲኤፍአር 2.802 መሠረት የደንብ ማሻሻያ ልመና ማቅረብ። ማንኛውም ሰው ማቅረብ ይችላል፤ ጠበቃ አያስፈልገውም። ችግሩን፣ የሚመለከተውን ቁጥርና መፍትሔ የምትሉትን በግልጽ መጻፍ ግን ያስፈልጋል። በሜይ 23 ቀን 2025 የወጣው የፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ 14300 ኤንአርሲ ደንቦቹን በስፋት እንዲከልስ፣ ረቂቆቹን በ9 ወር፣ የመጨረሻዎቹን በ18 ወር ውስጥ እንዲያወጣ አዟል፤ የጨረራ መጠን ደንቡ የቆመበት ሞዴልና መጠኑን የተቻለውን ያህል ዝቅ የማድረግ መርህም እንደገና እንዲታዩ ከታዘዙት ውስጥ ናቸው። ክፍል 20ን የሚነካ ረቂቅ ለክፍል 19 ከሚወጣው እድሳት የተለየ ዶኬት ቁጥር ይኖረዋል። ቁጥሩን ሳያዩ አይላኩ፤ በተሳሳተ ዶኬት የገባ ጽሑፍ የሚመለከተው ሰው እጅ ላይደርስ ይችላል።

ስም፦ አዎ፣ ይወጣል። ኤንአርሲ የደረሰውን አስተያየት እንዳለ በድረ ገጽ ይለጥፋል፣ በራሱ የሰነድ ማኅደርም ያስገባል። ስም፣ ስልክና አድራሻ አይሰርዝም። በመንግሥት የአስተያየት ድረ ገጽ ስም ሳይጽፉ ማስገባት ይቻላል፤ በጽሑፉ ውስጥ ግን ሆስፒታሉን፣ ፈረቃውን፣ የማሽኑን ዓይነት ከዘረዘሩ ስም ባይኖርም ማን እንደሆኑ ይታወቃል። የታካሚም የባልደረባም ስም አይግባ።

---

ሪአክተር_ሠፈር

ሆስፒታል ለማይሠሩት፣ በተለይ የኃይል ማመንጫ ለነዳጅ ቅያሪ ሲቆም በኮንትራት ለሚገቡ፦ ከ19.13 ውስጥ ለእናንተ የሚጠቅመው መጨረሻው ላይ ያለው ነው። ሥራ ስትለቁ ከጠየቃችሁ በዚያው ጊዜ የዶዝ ሪፖርት በጽሑፍ ይሰጣችኋል። የባጁ ውጤት ገና ካልመጣ ግምት ይሰጣል፣ ግምት መሆኑም በግልጽ ይጻፍበታል። "ላብራቶሪው ገና አልላከም" የሚለው መልስ ሙሉ አይደለም፤ ግምቱን ጠይቁ።

ከለቀቁ በኋላም ይቻላል። የቀድሞ ሠራተኛ ሲጠይቅ በ30 ቀናት ውስጥ፣ ወይም መጠኑ በታወቀ በ30 ቀናት ውስጥ፣ ከሁለቱ በሚዘገየው መላክ አለበት። በጥያቄው ላይ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደሆነ ይጻፍ፤ ሪፖርቱ የሥራውን ቀናትና ቦታዎች ጭምር መያዝ ስላለበት። መዝገቡን ተቋሙ ፈቃዱ እስኪዘጋ ድረስ ማቆየት ግዴታው ነው፤ ብዙ ዓመት አልፏል ብላችሁ አትተዉት።

---

ፔት_ሲቲ_ዲኤምቪ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ብዙ ተምሬያለሁ። 3ኛው ጥያቄ ግን ቀረ። ደግሞ ሪፖርቱ ላይ በየወሩ "ኤም" የሚል ፊደል ብቻ የሚታይበት ሰው ምን ማለት ነው? ሁለት ቦታ የሚሠራ ሰው ድምሩን ማን ይይዝለታል?

---

ጋማ_ቆጣሪ

"ኤም" ማለት ላብራቶሪው ሊዘግብ ከሚችለው ዝቅተኛ መጠን በታች ነው ማለት ነው። ዜሮ ነው ማለት አይደለም፣ ግን በተለምዶ ጥሩ ዜና ነው። ሁልጊዜ "ኤም" ሲሆን፣ በተለይ ፍሎሪን-18 (ለፔት ምርመራ የሚወጋ ጨረራ አመንጪ ቁስ) እየቀዳ በሽተኛ የሚወጋ ሰው ላይ፣ ባጁ እንዴት እንደሚያዝ መመርመር ያስፈልጋል። ሥራውና ቁጥሩ አይጣጣሙምና።

የሚበላሹት ቦታዎች የታወቁ ናቸው። ባጁ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። የጣት ቀለበቱ ዳሳሹ ወደ እጅ ጀርባ ዞሮ ይደረጋል፤ ሲሪንጁን የሚያየው ግን የመዳፍ በኩል ነው፣ ስለዚህ ወደ መዳፍ መዞር፣ ከጓንት ሥር መሆንም አለበት። ከጓንት ውጭ ከሆነ ይበከልና በተቃራኒው የሐሰት ከፍተኛ ቁጥር ያመጣል። ባጅ ዘግይቶ ሲመለስ የዚያ ወር ሪፖርት ባዶ ይወጣል፣ በኋላ ሲነበብ ወደ ድምሩ መግባቱን የሚያጣራ ሰው ካልኖረ ይረሳል። የጠፋ ባጅ ካለ የጨረራ ደህንነት ኃላፊው ከሥራው ተነስቶ መጠኑን ገምቶ መዝገብ ላይ ማስገባት አለበት፤ ባዶ መተው ዜሮ ጻፍኩ ማለት ነው።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ሠራተኛው የማያየው ስህተት ነው፤ የመቆጣጠሪያ ባጁ። ከእያንዳንዱ የባጅ ጥቅል ጋር ማንም የማያደርገው አንድ ባጅ ይመጣል። ሥራው የተፈጥሮ ጨረራንና በፖስታ ጉዞ ላይ የተጨመረውን መለካት ነው፣ ያ ቁጥር ከሁላችሁም ንባብ ላይ ይቀነሳል። ያንን ባጅ አንድ ሰው ከሆት ላቡ (ጨረራ አመንጪው መድኃኒት የሚዘጋጅበት ክፍል) ግድግዳ ጀርባ ወይም ከመድኃኒት ማስቀመጫው አጠገብ ቢሰቅለው እሱም ጨረራ ይሰበስባል። ከዚያ የሁሉም ሰው መጠን ላይ ከሚገባው በላይ ይቀነሳል፣ ክፍሉ በሙሉ "ኤም" ይሆናል። ሪፖርቱ በሰዓቱ ቢደርስም ውሸት ነው። ስለዚህ የመቆጣጠሪያ ባጁ የት እንደተቀመጠ ጠይቁ፤ ቢሮ ውስጥ፣ ከምንጭ የራቀ ቦታ መሆን አለበት።

ይህም ለአስተያየት ይሆናል፤ "የመረጃው ጥራት" የሚለው ጥያቄ ሥር። ሠራተኛው የሚደርሰው ሪፖርት የመቆጣጠሪያ ባጁን ንባብ፣ የዘገየ ወይም የጠፋ ባጅ መኖሩን፣ የተገመተ ቁጥር ካለ ግምት መሆኑን ቢያሳይ ሠራተኛው ራሱ ስህተት ሊይዝ ይችላል።

ስለ ሁለት ሥራ፦ የ5 ሬም ገደብ የሰውየው እንጂ የተቋሙ አይደለም። 20.1201 አንድ ሰው ሌላ ቀጣሪ ዘንድ በዚያ ዓመት የወሰደው መጠን ከተፈቀደለት ላይ እንዲቀነስ ያዛል። ከፍሎሮስኮፒ ወይም ከሌላ የኤክስሬይ ማሽን በሥራ ላይ የሚወሰደውም ከሥራ ጨረራ ይቆጠራል፣ ማሽኑን ኤንአርሲ ባይቆጣጠረውም። ችግሩ መረጃው በራሱ የሚሄድበት መንገድ አለመኖሩ ነው። ሆስፒታሎች በየዓመቱ እስከ ኤፕሪል 30 የእያንዳንዱን ሠራተኛ መጠን ለኤንአርሲ መዝገብ የመላክ ግዴታ ካለባቸው ምድቦች ውስጥ የሉም። ግዴታው ያለባቸው ሪአክተሮች፣ የኢንዱስትሪ ራዲዮግራፊ ድርጅቶች፣ የነዳጅ ማቀነባበሪያዎች፣ ብዙ ራዲዮአክቲቭ ቁስ የሚያመርቱና የሚያከፋፍሉ የመሳሰሉት ናቸው። የሪአክተር ሠራተኛ ከግዛት ግዛት ቢዞር መጠኑ በአንድ መዝገብ ይደመራል። በሳምንት ሦስት ቀን አንድ ሆስፒታል፣ ቅዳሜና እሁድ ሌላ ቦታ የሚሠራ ቴክኖሎጂስት ድምሩን የሚያውቀው ራሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ሪፖርት በየዓመቱ በጽሑፍ ጠይቁ፣ ለሁለቱም ቦታ የጨረራ ደህንነት ኃላፊ ስጡ። የአንዱን ቦታ ባጅ ሌላው ቦታ ይዞ መሄድ ግን አይሁን፤ ሁለቱንም መዝገብ ያበላሻል።

---

አርኤስኦ_ሰሜን_ቨርጂኒያ

የማን ደንብ ለሚለው እኔ ልመልስ። ኤንአርሲ ሥልጣኑን በስምምነት ለብዙ ግዛቶች አስተላልፏል። ሜሪላንድ ከ1971፣ ቨርጂኒያ ከ2009 ጀምሮ ስምምነት ያላቸው ግዛቶች ናቸው። ስለዚህ ሜሪላንድ ባለ ሆስፒታል የሚሠራ በግዛቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ደንብ፣ ቨርጂኒያ ያለ በግዛቱ የጤና መሥሪያ ቤት ደንብ ይገዛል። ዲሲ ስምምነት የለውም፣ እዚያ ያሉት ሆስፒታሎች በቀጥታ ከኤንአርሲ ሥር ናቸው። የፌደራል ተቋማት፣ ማለት የአርበኞች ሆስፒታልና ወታደራዊ ሕክምና፣ የትም ግዛት ቢሆኑ የኤንአርሲ ናቸው። ግዛቶቹ ከክፍል 19 ጋር የሚጣጣም የራሳቸው ደንብ ስላላቸው መሠረቱ ይመሳሰላል፣ ቅሬታና ጥያቄ የሚቀርብለት ግን ይለያያል። ኤንአርሲ ክፍል 19ን ሲቀይር ግዛቶቹም በጊዜ ሂደት ስለሚከተሉ የሜሪላንድ ሠራተኛም ለኤንአርሲ አስተያየት መስጠቱ ትርጉም አለው።

ከላይ ስለ 100 እና 500 ክፍተት የተባለው ግን ወደ አንድ የማይሆን ጥያቄ እንዳይመራችሁ በግልጽ ልናገር። "ለሁሉም ባጅ ያለው ሰው ዓመታዊ ሪፖርት ይላክ" ብላችሁ ከጻፋችሁ ትሸነፋላችሁ። የ2007ቱ ለውጥ የመጣው ሸክሙን ለመቀነስ ነው፤ በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ከመቶ የሚበልጡ ሰዎች "ኤም" የሞላበት ወረቀት እየተላከላቸው ማንም አያነበውም ነበር የሚለው ክርክር ዛሬም ጠንካራ ነው። ወረቀቱ የመለያ ቁጥርም ይይዛል፣ ብዙ ጊዜ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፤ በፖስታ ሲበዛ አደጋውም ይበዛል። የባጅ አቅራቢዎች ሠራተኛው በስልኩ ገብቶ የራሱን መጠን የሚያይበት ገጽ አላቸው። ብዙ ተቋማት ለአስተዳዳሪው ብቻ ከፍተው ለሠራተኛው ሳይከፍቱት ይቀራሉ። "ሠራተኛው በማንኛውም ጊዜ ማየት መቻሉ 'መረጃውን ተደራሽ ማድረግ' የሚለውን ግዴታ እንደሚያሟላ ኤንአርሲ በመመሪያ ይግለጽ" ማለት አራተኛውን ጥያቄ፣ ሸክም መቀነሱን፣ ይመልሳል፤ ሠራተኛውም ከዓመት አንዴ ይልቅ በየወሩ ያያል። ለተቋሙ የሚቀልና ለሠራተኛው የሚሻል ሐሳብ ሲቀርብ ነው ወደፊት የሚሄደው።

---

ደንብ_አንባቢ

በዚህ እስማማለሁ፣ ከአንድ ነገር በቀር። ገጹ ለሠራተኛው ቢከፈትም የጽሑፍ ሪፖርት የመጠየቅ መብት መነካት የለበትም። ሥራ ሲለቁ ገጹ ይዘጋል፤ ወረቀቱ ግን ይቀራል። በሪፖርቱ ላይ "ይህን ሪፖርት ለወደፊት ማጣቀሻ ያስቀምጡ" የሚል ትርጉም ያለው ቃል እንዲኖር ደንቡ የሚያዘው በከንቱ አይደለም።

ለሚጽፉ ሰዎች የምጠቁመው አጻጻፍ ይህ ነው። በእንግሊዝኛ ስታዘጋጁት ከአንድ ገጽ ተኩል አታሳልፉት፦

"የዶኬት ቁጥር እንዲህ። ጉዳዩ፦ የክፍል 19 የመረጃ መሰብሰብ ፈቃድ እድሳት። የምጽፈው በሥራዬ ጨረራ የሚያገኘኝ የኒውክሌር ሜዲስን ሠራተኛ ሆኜ ነው። ስለ ጥቅምና ግልጽነት፦ በ19.13 መሠረት ከ100 ሚሊሬም በታች የሆነ ሠራተኛ ሪፖርት የሚያገኘው ሲጠይቅ ነው። ይህን ማወቁ በ19.12 ሥልጠና ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ ሥልጠናው ጥያቄው ለማን፣ በምን መልክ እንደሚቀርብ እንዲናገር አይገደድም። ኮሚሽኑ ቅጽ 3ን ሲያሻሽል ሪፖርት የመጠየቅ መብትን በተለየ ሣጥን ያስቀምጥ። ስለ ጥራት፦ ለሠራተኛው የሚሰጠው ሪፖርት የተገመተ፣ የዘገየና ያልተመለሰ ባጅን ለይቶ ያሳይ። ስለ ሸክም፦ ሠራተኛው በኮምፒውተር ራሱ ማየት ከቻለ በጥያቄ ለሚወጡ ሪፖርቶች በደጋፊ ሰነዱ ሠንጠረዥ የተያዘው ሰዓት ሊቀንስ ይችላል።"

ሦስት ነጥብ ይበቃል። አሥር ነጥብ ያለው ጽሑፍ ውስጥ ጠንካራው ነጥብ ይቀበራል። አንድ ዓይነት ደብዳቤ ሃምሳ ሰው ገልብጦ መላክም ብዙ አይረዳም። መሥሪያ ቤቱ ድምፅ አይቆጥርም፣ የተለየውን ሐሳብ ነው የሚመልሰው። ሃምሳው ሰው ከየሥራ ቦታው የሚያውቀውን አንድ እውነታ ቢጨምር ግን ሃምሳ አስተያየት ይሆናል።

ስለ ቋንቋም አንድ ሐሳብ። ቅጽ 3 በስፓኒሽም ይገኛል። በዲሲ የከተማው አስተዳደር በ2004ቱ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛን ከሚያስተረጉማቸው ቋንቋዎች አንዱ አድርጎ ይዟል፤ ያ ሕግ የከተማውን መሥሪያ ቤቶች እንጂ ኤንአርሲን አይመለከትም። "ግልጽነት" በሚለው ሥር ግን፣ ጨረራ ያለበትን ክፍል የሚያጸዱና ቁስ የሚያመላልሱ ሠራተኞች በሚያነቡት ቋንቋ የቅጽ 3 ትርጉም ይውጣ ብሎ መጠየቅ ሙሉ በሙሉ ተገቢ ነው። ያንን ከእኛ በላይ ማን ይጽፈዋል?

---

ሪአክተር_ሠፈር

አንድ ማስጠንቀቂያ ይታከልበት። አስተያየት እና ክስ አይቀላቀሉ። አሁን በሥራ ቦታችሁ የሚጣስ ነገር ካለ፣ ለምሳሌ የጠፋ ባጅ ዜሮ ተብሎ ከተመዘገበ፣ በአስተያየት ድረ ገጽ ላይ አይጻፍም፤ ያ ለሁሉም ክፍት ነው። በ19.15 ተቆጣጣሪ ሲመጣ ለብቻ ማነጋገር ትችላላችሁ። በ19.16 ደግሞ ሠራተኛ ፈርሞ በጽሑፍ ምርመራ መጠየቅ ይችላል፤ ቅጂው ለተቋሙ ሲሰጥ ስሙ እንዳይታይ ከጠየቀ አይታይም። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለግዛቱ ነው የሚቀርበው።

በመናገሩ የተባረረ ወይም የሥራ ሰዓቱ የተቀነሰበት ሰው ለፌደራል የሠራተኛ መሥሪያ ቤት አቤት የሚለው በ180 ቀናት ውስጥ ነው። ቀኑ የሚቆጠረው እርምጃው ከተወሰደበት ወይም ከተነገረው ጊዜ ጀምሮ እንጂ የውስጥ ቅሬታው ከተዘጋበት አይደለም። ኤንአርሲ ተቋሙን ሊቀጣ ይችላል፤ ሥራን የማስመለስና ካሣ የማሰጠት ጉዳይ ግን በሠራተኛ መሥሪያ ቤቱ በኩል ነው የሚያልፈው፣ ስለዚህ አንዱ ዘንድ ማመልከት ሌላውን አይተካም።